በአንድ ጊዜ እጅ የገባ ገንዘብና የመጀመሪያው አነስተኛ ድርጅት



በፋብሪካና በግንባታ ሥራ ላይ የሚገኝ መሐንዲስ ሁሉ በሥራ ዘመኑ አንድ ጥያቄ ሳይቀርብለት አይቀርም። ጥያቄው የሚመጣው አብሮት ከሠራ መካኒክ፣ ከበያጅ ወይም ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሰውየው ከሥራ ተሰናብቶ የስንብት ክፍያውን ተቀብሏል፤ ወይም የእቁብ ዕጣ ወጥቶለታል፤ ወይም እኅቱ ከዐረብ አገር የላከችው ገንዘብ ተጠራቅሞለታል። «ኢንጂነር፣ ምን ዓይነት ማሽን ብገዛ ይሻለኛል?» ይላል። መሐንዲሱም የሚያውቀውን ስለ ተጠየቀ ደስ ብሎት ስለ ፈረስ ጉልበት፣ ስለ ቮልቴጅና በሰዓት ስለሚገኘው ምርት በሰፊው ያብራራል። ጠያቂው በምስጋና ተሰናብቶ ይሄዳል፤ ማሽኑንም ይገዛል። ከዓመት በኋላ ማሽኑ በሸራ ተሸፍኖ ቢገኝ የተሰጠው ምክር በቴክኒክ ረገድ ስሕተት ስላልነበረበት መሐንዲሱን የሚወቅሰው የለም።

በመሠረቱ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው፣ እጅ ከገባው ገንዘብ ውስጥ በእርግጥ የሰውየው የሆነው ስንቱ ነው የሚለው ነው። ይህንንም በምሳሌ ማየት ይሻላል። በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል 16 ዓመት ያገለገለ፣ ጡረታ ለመውጣት ያልደረሰና የወር ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ መካኒክ በሠራተኛ ቅነሳ ተሰናበተ ይባል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 እንደሚደነግገው፣ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ተባዝቶ ይከፈላል፤ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚሁ ሲሶ ይጨመራል፤ ጠቅላላው ግን ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ስንብቱ በቅነሳ ምክንያት ሲሆን ደግሞ የቀን ደመወዙ በ60 ተባዝቶ ይታከልበታል። ስለዚህ ለዚህ መካኒክ የ6 ወርና የ2 ወር፣ በድምሩ የ8 ወር ደመወዝ ይደርሰዋል ማለት ነው፤ ይኸውም ከግብር በፊት 96,000 ብር ነው።

በዚያው ሰሞን 50 አባላት በሳምንት 2,000 ብር ከሚጥሉበት እቁብ በ5ኛው ሳምንት ዕጣ ወጣለት እንበል። 100,000 ብር ተቆጥሮ ይሰጠዋል። ቤተ ዘመድ ሁሉ 196,000 ብር አገኘ ብሎ ያወራል፤ ከሁሉም በላይ ራሱ ያምናል። ይሁን እንጂ እስከዚያ ሳምንት ድረስ ለእቁቡ የከፈለው 10,000 ብር ብቻ ነው። ቀሪው 90,000 ብር ወለድ የሌለው ብድር ነው፤ በ45 ሳምንታት ውስጥ በየሳምንቱ 2,000 ብር እየተከፈለ ያልቃል። እቁብ መጨረሻ ላይ ለሚደርሰው ሰው ቁጠባ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ለሚደርሰው ግን ዕዳ ነው። የገንዘቡ መልክ አንድ ዓይነት በመሆኑ ልዩነቱ አይታይም። ደመወዝ ሲከፈለው የነበረ ሰው 2,000 ብሩን ሳይሰማው ይከፍል ነበር፤ አሁን ግን ደመወዙ ቆሟል። የእቁቡ ዳኛ ደግሞ ዋስ ሳያስፈርም ገንዘብ አይሰጥምና ክፍያው በተቋረጠ ጊዜ የሚጠየቀው ዋስ የሆነው የቅርብ ጓደኛ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ስለ ማሽኑ መነጋገር ይቻላል። መካኒኩ የእህል ወፍጮ ለመትከል አስቧል ይባል። ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም፤ ሰው እህል ሳያስፈጭ አይኖርምና። ባለ 15 ኪሎዋት ሞተር ወፍጮ በሰዓት 200 ኪሎ የሚፈጭ ቢሆንና ለኪሎ 5 ብር ቢጠየቅ፣ ከዚህም ላይ ለኤሌክትሪክ፣ ለቺንጋ፣ ለኩሽኔታና ለድንጋይ መውቀሪያ 1 ብር ቢቀነስ፣ ለኪሎ 4 ብር ይተርፋል። የቤት ኪራይ 8,000 ብር፣ የረዳት ደመወዝ 6,000 ብር፣ ለባለቤቱ ቤተሰብ መተዳደሪያ 10,000 ብር፣ ለእቁቡ ደግሞ በወር 8,700 ብር ገደማ ያስፈልጋል። ድምሩ 32,700 ብር ይሆናል። ለ4 ሲካፈል በወር 8,175 ኪሎ መፈጨት አለበት ማለት ነው። ይህም በወር 26 የሥራ ቀን ቢታሰብ በቀን 314 ኪሎ፣ በማሽኑ አቅም ሲለካ ከ2 ሰዓት ያነሰ ሥራ ነው።

መሐንዲስን የሚያታልለው እንግዲህ ይህ ቁጥር ነው። «በቀን 2 ሰዓት ብቻ ከሠራ ወጪውን ይሸፍናል፤ 8 ሰዓት ቢሠራ ባለጠጋ ይሆናል» ይባላል። ነገር ግን ሒሳቡ በሌላ በኩል መታየት ይገባዋል። አንድ ቤተሰብ በወር 30 ኪሎ ያስፈጫል ተብሎ ቢገመት 8,175 ኪሎ የ272 ቤተሰብ ሥራ ነው። እህል ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ሩቅ አይሄድም፤ ስለዚህ 272ቱ ቤተሰቦች በወፍጮው ዙሪያ በእግር በሚደረስበት ርቀት መኖር አለባቸው። በዚያው ሰፈር ሌላ ወፍጮ ካለና ደንበኛው እኩል ከተከፈለ ሰፈሩ 544 ቤተሰብ ሊኖረው ይገባል ማለት ነው። በሞተሩ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ኃይል ከነዚህ ቤተሰቦች አንዱን እንኳ አይጨምርም። የእቁቡ ዕዳ ከሒሳቡ ቢወጣ ደግሞ በወር 6,000 ኪሎ፣ ይኸውም 200 ቤተሰብ ይበቃል። እንግዲህ ያ በደስታ የተነሣው የእቁብ ገንዘብ 72 ቤተሰብ ያህል ይመዝናል።

ከላይ የተጠቀሱት ዋጋዎች ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸውና በየቦታው መለወጥ አለባቸው፤ የስሌቱ አካሄድ ግን በየትም ቦታ አንድ ነው። የወፍጮን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ሌላም ነገር ይጨምርበታል። ሥራው ዓመቱን ሙሉ እኩል አይሄድም፤ ከበዓላት በፊት ሰልፍ ይሆናል፣ ከበዓላት ማግሥት ረዳቱ በር ላይ ተቀምጦ ይውላል። በርበሬ የፈጨ ድንጋይ ጤፍ ቢፈጭ ባለ ጤፏ ሁለተኛ አትመለስም፤ ስለዚህ በርበሬና ቅመም የሚፈልግ ሰው ሁለተኛ ወፍጮ መትከል ይኖርበታል። ሦስት ፌዝ መስመር ለማስገባት የሰፈሩ ትራንስፎርመር አቅም መኖሩ መረጋገጥ አለበት፤ ቆጣሪ እስኪገባ ድረስ ኪራይ ይከፈላል። ባለ 15 ኪሎዋት ሞተር በ380 ቮልት ሙሉ ጭነት ላይ 30 አምፔር ገደማ ይስባል፤ በቀጥታ ሲነሣ ግን ከ5 እስከ 7 እጥፍ ስለሚስብ የጎረቤት መብራት ይደበዝዛል፣ ጎረቤትም ይከስሳል። የስታር ዴልታ ማስነሻ፣ ወፍራም ሽቦና የኮንክሪት መሠረት የማሽን ሻጭ በሚሰጠው ዋጋ ውስጥ አይገኙም።

ብሎኬት ማምረት ብዙዎችን የሚስብ ሌላ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ችግሩ ከማሽኑ ይልቅ በግቢው ውስጥ ይገኛል። ሲሚንቶ ጥንካሬውን የሚያገኘው በጊዜ በመሆኑ ብሎኬት ወዲያው አይሸጥም፤ ውኃ እየጠጣ መሰንበት አለበት። በቀን 300 ብሎኬት የሚያመርትና ከ14 ቀን በኋላ የሚሸጥ ሰው ሁልጊዜ 4,200 ብሎኬት ግቢው ውስጥ ተደርድሮ ይኖራል። የአንዱ ማምረቻ ወጪ 25 ብር ቢሆን 105,000 ብር እዚያ ታስሯል ማለት ነው። ይህ ከመካኒኩ የራሱ ገንዘብ፣ ማለት ከ96,000 ብሩ የስንብት ክፍያና ለእቁቡ ከከፈለው 10,000 ብር ጋር የሚተካከል ነው፤ ማሽን፣ አሸዋና ኪራይ ገና አልተነሡም። አንዳንዱ አምራች ይህን ጭንቀት ለማቃለል ሲል እርጥቡን ይሸጣል። ግድግዳው ሲሰነጠቅ የሚጠራው እንደገና መሐንዲስ ነው።

ስለ ገንዘቡ ምንጭ የቀረው በአጭሩ ሊነገር ይችላል። ማሽንን በጥሬ ገንዘብ ገዝቶ ባዶ እጅ ከመቅረት ይልቅ በኪራይ ግዢ መውሰድ አንዱ መንገድ ነው፤ ይህም በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 103 ተፈቅዷል፤ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 807 ተሻሽሏል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ደግሞ ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ለምሳሌ ማሽን፣ ለብድር መያዣ እንዲሆን መንገድ ከፍቷል። ቤት የሌለው ባለሙያ ከዚያ በፊት በባንክ በር ላይ ምን ያህል ይጉላላ እንደነበር የሚያውቅ ሰው የዚህን አዋጅ ክብደት ይረዳዋል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ስለ ፈቀደ፣ ለስሙ ብቻ ዘመድን ባለአክሲዮን ማድረግ አያስፈልግም። ድሮ በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 76 የግል ኢንዱስትሪ ካፒታልን በ500,000 ብር ወስኖት ነበር፤ ዛሬ ወሰኑ የለም፤ በዚያ ዘመን የተለመደው ሀብትን ደብቆ የመሥራትና መዝገብ ያለመያዝ ጠባይ ግን በብዙ ትናንሽ ወርክሾፖች ውስጥ አሁንም ይታያል።

ስለ እርጅና ቅናሽም አንድ ቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ማሽኑን በተገዛበት ብር ለዓመታት አካፍሎ ማስቀመጥ ኩሽኔታውን እንኳ ላይተካ እንደሚችል ታይቷል። መቆጠብ ያለበት አዲሱ ማሽን ዛሬ በሚሸጥበት ዋጋ እየታሰበ ነው።

እንግዲህ ለዚያ መካኒክ ምን ይባላል? ገንዘቡን ገና ካልተቀበለ ተራውን ለሌላ አባል እንዲያስተላልፍ መምከር ተገቢ ነው፤ ይህ በብዙ እቁቦች የተለመደ ነው። ገንዘብ ያልነሣ አባል መክፈል ቢያቅተው የጣለው በመጨረሻ ይመለስለታል፤ ዋስ የሆነው ጓደኛም አይጠየቅም። ከ96,000 ብሩ ውስጥ 40,000 ብር ለ4 ወር የቤት ወጪ በባለቤቱ ስም ይቀመጥ። ከቀረውም ላይ ወፍጮ አይገዛ፤ የራሱን የመፍቻ ሣጥን፣ የኩሽኔታ ማውጫ፣ የኤሌክትሪክ መለኪያና ለድንጋይ መውቀሪያ የሚሆን መሣሪያ ይግዛ። በከተማው ያሉት ወፍጮዎች ሁሉ ይበላሻሉና እነርሱን እየዞረ ይጠግን። ሥራው የሚጠይቀው ያለውን ሙያ ነው፤ ዕለቱን ይከፈላል፤ ጥሬ ዕቃ አያስርም። ከዚህም ሌላ የትኛው ወፍጮ ቀኑን ሙሉ እንደሚሠራ፣ የትኛው ባለቤት ለመሸጥ እንደሚፈልግ፣ በየትኛው ሰፈር ሴቶች ሁለት ወፍጮ አልፈው ሦስተኛው ጋ እንደሚሄዱ ከ4 ወር በኋላ ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ይሆናል። ደብተርም ይኑረው፤ በአንድ ገጽ የተቀበለውን፣ በሌላው ገጽ ያወጣውን ይጻፍ። ወደ መሐንዲሱ ዘንድ ተመልሶ ስለ ማሽን መጠየቅ ከፈለገ ያን ደብተር ይዞ ይምጣ፤ መሐንዲሱም ስለ ፈረስ ጉልበት ከመናገሩ በፊት መጀመሪያ እርሱን ያንብብ።