በአብደራፊ ሜዳ ላይ ስላደረግነው የሙዚቃ ትርዒት
(በማኅበሩ አዳራሽ ለአባሎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ የሙዚቃ ክፍል አዲስ ባንድ ሊያቋቁምና በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ ከከተማ ወጥቶ የእርዳታ ትርዒት ሊያሳይ ማሰቡን ሰምተናል። እኛም ተማሪዎች በነበርንበት ጊዜ፣ ይኸውም በጥቅምት ወር 2010 ዓ.ም.፣ አብደራፊ ወርደን ያደረግነውን እንድንነግራችሁ ስለ ተጠየቅን ደስ ብሎን መጥተናል። ባንድ ስንል ሰባት ሰዎች ነበርን። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ከበሮና ሁለት ዘፋኞች። ከመካከላችን ኖታ የሚያነብ አንድ ብቻ ሲሆን እሱም ከበሮ መቺው ነበረ።

አብደራፊ በምዕራብ አርማጭሆ በሱዳን ጠረፍ አጠገብ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ስትቀመጥ አብደራፊ ከ1,000 ሜትር በታች ናት፤ ስለዚህ የሳንጃን መንገድ ይዞ የሚወርድ ሰው በጥዋት የደረበውን ካፖርት ከቀትር በፊት ጉልበቱ ላይ ያኖረዋል። አገሩ የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ አገር ነው። ሰሊጥ ደግሞ ፋታ የማይሰጥ እህል ነው፤ ከደረሰ በኋላ ጥቂት ቀን ከቆየ ፍሬው ከቆባው እየፈነዳ መሬት ላይ ይረግፋል። በዚህ ምክንያት በአጨዳው ወራት ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ እጅግ ብዙ ነው። ቀን ያጭዳል፤ ሌሊት ደግሞ እርሻው ዳር ሜዳ ላይ ይተኛል።

የእርዳታው ምክንያትም ከዚሁ መኝታ የመጣ ነበረ። ካላ አዛር የሚባለውን በሽታ የሕይወት ሳይንስ ተማሪዎች ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ርዝመቱ ከ3 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ ሲበርም እንደ ትንኝ ድምፅ የማያሰማ ነፍሳት ነው። የሚኖረውም በተሰነጠቀ ጥቁር አፈር ውስጥና በግራር ሥር ነው። የተያዘው ሰው ለረጅም ጊዜ ያተኩሰዋል፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ሥጋው ይመነምናል፤ ካልታከመም ከመቶ ሕሙማን ከ95 የሚበልጡት ይሞታሉ። ከሁሉ የከፋው በሽታው ራሱን የሚገልጸው አብዛኛውን ጊዜ ከተነደፈ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ቆይቶ መሆኑ ነው። ሠራተኛው አገሩ ከገባ በኋላ ይታመማል፤ በዚያም ወባ ነው ይባላል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረርሽኙ ሲታወቅ ነገሩ እንዲሁ ነበረ። በሽታውን ወደዚያ ያደረሱት ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ተገምቷል።

በአብደራፊ ጤና ጣቢያ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት ይህንን በሽታና የእባብ ንድፊያን በነፃ ሲያክሙ ቆይተዋል። ሕክምናው ነፃ ቢሆንም የተለመደው በቀን ሁለት መርፌ 17 ቀን ያህል የሚወስድ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሁሉ ሕሙሙ ደመወዝ የለውም፤ ሲድንም የመሳፈሪያ የለውም። እኛ ልንሰበስብ ያሰብነው ይህንኑ የመሳፈሪያ ገንዘብ ነበረ።

አሳባችንም ትልቅ ነበረ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ ስታዲየሞች ለአገራችን ረኀብተኞች የተደረገውን ትርዒት በፊልም አይተን ስለ ነበረ፣ መብራት፣ መድረክ፣ በጨለማ የሚወዛወዝ ሕዝብ በዓይናችን ይታየን ነበር። ትርዒቱን ከምሽቱ 1 ሰዓት ከከተማው ዳር ካለው ሜዳ ላይ፣ ከትልቅ ግራር ሥር እንጀምራለን ብለን ማስታወቂያ ለጠፍን። ማስታወቂያውን ያነበቡ አንዲት በዕድሜ የገፉ ነርስ ወደ አረፍንበት ቤት መጥተው፣ «ልጆቼ፣ ሕሙማኑን ለመርዳት ነው ወይስ ለማብዛት ነው የመጣችሁት?» አሉን። ለካስ የአሸዋው ዝንብ ከጉድጓዱ የሚወጣው ሲመሽ ነው፤ እኛም ሕዝቡን ሰብስበን፣ ቁጭ አድርገን፣ በመረጥነው ሰዓትና በመረጥነው ዛፍ ሥር ልናቀርብለት ነበር። ያፈርነውን ያህል በሕይወታችን አፍረን አናውቅም።

ስለዚህ ትርዒቱ ወደ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ተዛወረ። የሙቀቱን ነገር መንገር አያስፈልግም፤ ክራሩ ግን ሊነገርለት ይገባል። ፀሐይ ላይ ሲቆም ክሩ እየላላ ይወርዳል፤ ኪቦርዱ ደግሞ ከቦታው ፈቀቅ የማይል ግትር ነው። በሁለተኛው ዘፈን ላይ ሁለቱ በባቲ ቅኝት ሲጋጩ የሰማ አንድ ሠራተኛ፣ «መጀመሪያ እናንተ ታረቁ!» ብሎ ጮኸ፤ ሕዝቡም ሳቀ። በአራተኛው ዘፈን ጄኔሬተሩ ጠፋ። ድምፅ ማጉያው ዝም አለ። ሕዝቡም ተነሥቶ መሄድ ጀመረ።

በዚያን ጊዜ ማሲንቆ መቺያችን ማንንም ሳያማክር ከመድረኩ ወርዶ ሰው መካከል ገባ። ሊሄድ የነበረው ሕዝብ ዞሮ ክብ ሠራ። ከጠጅ ቤት የመጣ የከተማው አዝማሪም የራሱን ማሲንቆ ይዞ ተጨመረና ለሁለት ይቀባበሉ ጀመር። እኛ ሦስት ወር ያጠናነው ፕሮግራም እዚያ ላይ አበቃ። ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ማጭዱን በወገቡ እንደ ሻጠ፣ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሰጠ። ግጥሙ አብሮት ስለ ወረደውና በጤና ጣቢያው ስለ ተኛው ወንድሙ ነበረ፤ ለእናታቸው ምን ብሎ እንደሚነግራት ይጠይቅ ነበር። ቃሉን እዚህ አንደግመውም፤ የእሱ ነው። አዝማሪው ተቀብሎ ሲደግመው ግን ጭብጨባው ቆመ።

ጃንጥላ የዘረጋነው ከዚያ በኋላ ነው። ይሰጣሉ ያልናቸው ባለ እርሻዎችና ነጋዴዎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹም ሰጥተዋል። ጃንጥላውን ያከበደው ግን የሠራተኞቹ አሥርና ሃምሳ ብር ነው፤ እንረዳቸዋለን ብለን የመጣንላቸው ሰዎች ሰጪዎች ሆነው ተገኙ።

አሁን ደስ ወደማይለው ነገር እንምጣ። በልማዳችን ሰው በተጫዋች ግንባር ላይ ገንዘብ ይለጥፋል፤ ለማሲንቆ መቺያችንም ብዙ ተለጠፈለት። ማታ አጎበር ሥር ተቀምጠን ስንቆጥር ክርክር ተነሣ። እሱ፣ «ጃንጥላ ውስጥ የገባው የሕሙማኑ ነው፤ ግንባሬ ላይ የተለጠፈው ግን የአዝማሪ ሽልማት ነው፤ ሰጪው ለማን እንደ ሰጠ ያውቃል» አለ። ከእኛ መካከል የሚበዙት፣ ሕዝቡ የሰማው ማስታወቂያ አንድ ስለ ሆነ ገንዘቡም አንድ ነው አልን። እሱ የድሃ ልጅ ነበረ፤ እኛ ደግሞ ለመውረጃ ያወጣነውን የመኪናና የነዳጅ ወጪ ከዚያው ጃንጥላ ልናነሣ አስበን ነበርና አፋችንን ሞልተን የምንናገርበት መብት አልነበረንም። ያ በለንደን የተሰበሰበው ትልቁ ገንዘብ እንኳ እንዴት እንደ ተሠራበት ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ኖሯል። በመጨረሻ ወጪያችንን ከኪሳችን ልንችል ወሰንን፤ እሱም የግንባሩን ግማሽ ሰጠ። ትክክል ነበርን ወይስ አልነበርንም በሚለው ላይ ሰባታችን እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ገንዘቡን በማግሥቱ ለነርሲቱና ለሁለት የአገር ሽማግሌዎች በፊርማ አስረከብን። ከዚያው ቀን ጀምሮ ለዐሥራ አንድ ሕሙማን መሳፈሪያ ሆኗል፤ ግጥም የሰጠው ሠራተኛ ወንድም ከእነዚህ አንዱ ነበር። ቀሪው ለቀለብ ዋለ።

አዲሱ ባንድ ሊወስዳቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉን። የሒሳብ መዝገቡ በእጃችን ነው፤ ዛሬ ለጸሐፊው እናስረክባለን። ክራሩም ሁለት ክር ጎድሎታል እንጂ ደኅና ነው። ግራር ሥር ይላል ያልናችሁ ማስታወቂያም ሳይቀደድ ተቀምጧል፤ ከፈለጋችሁ በሙዚቃ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ስቀሉት።