የሕመምተኛ ምሥጢር



በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችንና ነርሶችን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። አደራቸውም መድኃኒት ማደል ብቻ ሳይሆን የሕመምተኛን ምሥጢር መጠበቅ ጭምር ነበር።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ዳሩ ግን የሚያስደብቀው ብዙ ጊዜ የሰው አፍ ነው። ሁሉም በሚተዋወቅበት በአምባ ጊዮርጊስ በጤና ጣቢያ የተነገረው በገበያ ከተሰማ፣ የሳንባ ነቀርሳ የያዛት እናት ሕክምናዋን ትተዋለች፤ በሽታውም ወደ ልጆቿ ሊሻገር ይችላል።

በርግጥ ቤተ ሰቧ መመርመር አለበት። ቢሆንም ነርሷ አስቀድማ እናቲቱን ታስረዳ፤ ለሚገባውም ብቻ ትንገር።

ነርስ ለመሆን የምትመኙ ተማሪዎች ሆይ፤ የንስሐ አባት የሰማውን እንደማያወጣ ሁሉ፣ እናንተም መርፌ ከመያዛችሁ አስቀድሞ አንደበታችሁን መያዝ ተማሩ።