የአፍ ቁስል፦ የትኛው መድኃኒት ለምን?
(በእሁድ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)

እህቶቼ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ የመጣሁ የቤት ሠራተኛ ነኝ። የማወራው ስለ ራሴ አፍ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ጉንጬ ውስጥ እንደ ጥልፍ ያለ ነጭ መስመር ወጣ፤ ቆይቶ ቀላና ቆሰለ። በርበሬው ይቅርና ሻይም አቃጠለኝ። ማዳም ስታይ ብርጭቆዬን ለየችው። ቀጥሎ ወደ አገርሽ ትለኛለች ብዬ ፈራሁና "ድኗል" አልኳት። ተደብቄ ሎሚና ጨው አደረግኩበት፤ ባሰብኝ። ከፋርማሲ የገዛሁት ሊዶካይን ጄልም ማደንዘዣ ብቻ ነው፤ ሲለቅ ሕመሙ ይመለሳል።

በመጨረሻ የጥርስ ሐኪም አየኝ። "ላይከን ፕላነስ ነው፣ አይጋባም" አለኝ። ይህንኑ በወረቀት አጽፌ ለማዳም ሰጠኋት። ብርጭቆዬ ተመለሰ።

ጨርሶ የሚያጠፋው መድኃኒት የለም፤ የሚያስታግሱት ግን አሉ።

አንደኛ፣ ትሪያምሲኖሎን 0.1% የአፍ ቅባት። አንድ ሁለት ቦታ ብቻ ለቆሰለ ይሆናል። ቦታውን አድርቃችሁ ትንሽ ለጥፉበት፤ አትሹት፣ ይፈረፈራል። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ምግብም ውኃም የለም። እኔ ቀን ቀብቼ ወጥ ስቀምስ ይታጠብብኝ ነበር። ለእኛ የሚሻለው ማታ ስንተኛ ነው።

ሁለተኛ፣ ዴክሳሜታሶን መጉመጥመጫ። ቁስሉ አፍ ሙሉ ለሆነባት ነው። 5 ደቂቃ ያህል ይዞ መትፋት እንጂ አይዋጥም።

ሦስተኛ፣ ክሎቤታሶል 0.05% ጄል። ከሁለቱ ይበረታል፤ ያለ ሐኪም አትጀምሩት። አንዳንድ ፊት ማቅያ ክሬም ውስጥ ያለው ይኸው ነው፤ ቆዳ ያሳሳል። ለአፍ የታዘዘውን ፊታችሁን እንዳትቀቡት፣ አደራ።

ሦስቱም አፍ ውስጥ ፈንገስ ሊያመጡ ይችላሉ። ሲጠርጉት የሚነሳ ነጭ ነገር ካያችሁ ለሐኪም ንገሩ፤ ለእሱም መድኃኒት አለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ቁስል በጥቂት ሰዎች ላይ ከዓመታት በኋላ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ቢሻላችሁም በየጊዜው ታዩ። ማንኛውም የአፍ ቁስል ከሦስት ሳምንት ካለፈ ዝም አትበሉ። ቅባትም አትዋዋሱ፤ የእኔና የእናንተ ቁስል አንድ ላይሆን ይችላል።

እኔ ብርጭቆዬ ተለየብኝ ብዬ አፍሬ ወራት ታመምኩ። እናንተ አትደብቁ። ሐኪም ቤት ብቻዋን መሄድ የፈራች ካለች ትንገረኝ፤ በእረፍቴ ቀን አብሬያት እሄዳለሁ።