በባሕር ላይ ያለ ሰው በማን ሕግ ሥር ነው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በክርክር ማኅበር አባሎች የተነበበ ንግግር)



በዚህ በትምህርት ቤታችን የልደት በዓል ቀን ማኅበራችን ጥቂት ቃል እንዲያሰማ ስለ ተፈቀደልን ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። በእንዲህ ያለ ቀን ስለ ትምህርት ጥቅም መናገር የተለመደ ነው። እኛ ግን በዚህ ዓመት ሦስት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ያከራከረንንና እስከ መጨረሻውም ያላስማማንን ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። ይኸውም የአውሮፓ መንግሥታት ስለ ስደተኞችና ስለ ሰው ልጅ መብት ከገዛ ፍርድ ቤታቸው ጋር የያዙት ሙግት ነው። «ይህ የእነርሱ ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚሉ ወላጅ ቢኖሩ፥ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን የኋለኛ አግዳሚ ወንበር እንዲያዩልን እንለምናለን። ከሁለት ዓመት በፊት በዚያ ይቀመጡ የነበሩ ሦስት ወንድሞቻችን በመተማ በኩል ወጥተው ሄደዋል። የተመለሰው አንዱ ብቻ ነው። ስለ እርሱ ኋላ እናነሣለን።

የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ክርክሩን ስንጀምር ሁለት ፍርድ ቤቶችን እንደ አንድ እንቈጥር ነበር፤ የታሪክ መምህራችን ባያርሙን ኖሮ በዚያው ስሕተት እንቀጥል ነበር። አንደኛው በሉክሰምበርግ የሚያስችለው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ነው፤ የኅብረቱ አባሎች 27 ናቸው። ሁለተኛው በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ ከተማ ያለው የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ነው፤ ይህ የተቋቋመው የአውሮፓ ምክር ቤት በተባለው ሌላ ማኅበር ሥር ሲሆን አባሎቹ 46 መንግሥታት ናቸው። ሩሲያ ዩክሬንን በመውረርዋ በ2022 ከዚህ ማኅበር ተወግዳለች። የዛሬው ነገራችን ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው።

ይህ ፍርድ ቤት የሚፈርድበት ውል በሮማ ከተማ በኖቬምበር 4 ቀን 1950 ተፈርሞ በ1953 ጸና። የውሉ ሦስተኛ አንቀጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ማንም ሰው እንዳይሠቃይ፥ ከሰው ክብር በታች የሆነ አያያዝ ወይም ቅጣትም እንዳይደርስበት ይከለክላል። «ማንም ሰው» ይላል እንጂ «ማንም ዜጋ» አይልም። ስለ ስደተኛ ግን በአንቀጹ ውስጥ አንድም ቃል አይገኝም። ታዲያ ይህ ሁሉ ሙግት ከዚያ አጭር ዓረፍተ ነገር እንዴት ወጣ?

የወጣው ከዳኞቹ ትርጓሜ ነው። በ1989 በእንግሊዝ አገር ታስሮ የነበረ አንድ ጀርመናዊ ወጣት፥ በነፍስ ግድያ ወንጀል ተከሶ ለአሜሪካ ሊሰጥ ሲል ለስትራስቡርግ አቤት አለ። ዳኞቹም፥ አንድ መንግሥት በገዛ እጁ ባያሠቃይም፥ እንዲህ ያለ ሥቃይ ወደሚጠብቀው ቦታ ሰውን አሳልፎ ከሰጠ ውሉን አፍርሷል ብለው ፈረዱ። በ2008 ደግሞ ኢጣልያ በሽብር የተጠረጠረ አንድ የቱኒዚያ ተወላጅ ወደ አገሩ ልትሰድ ስትል፥ ሰውየው ለሕዝብ አደገኛ መሆኑ በአንድ ወገን፥ የሚደርስበት ሥቃይ በሌላ ወገን ተደርጎ በሚዛን ይታይ የሚል ክርክር ቀረበ። ፍርድ ቤቱ ይህን ሚዛን አልቀበልም አለ። የቤተሰብን ኑሮ የሚጠብቀው ስምንተኛው አንቀጽ በሚዛን ይታያል፤ ሦስተኛው ግን አይመዘንም።

እነዚህ ሁሉ በየብስ ላይ የተያዙ ሰዎች ነበሩ። አሁን ወደ ባሕሩ እንምጣ።

በሜይ 6 ቀን 2009 ሁለት መቶ ያህል ሰዎች በሦስት ጀልባ ከሊቢያ ተነሥተው፥ ላምፔዱዛ ከምትባለው የኢጣልያ ደሴት በስተደቡብ 35 የባሕር ማይል ያህል ሲቀራቸው የኢጣልያ መርከቦች ደረሱባቸው። ሰዎቹን ወደ ወታደር መርከብ አወጧቸው። ወዴት እንደሚወሰዱ ግን አልተነገራቸውም፤ የያዙት ወረቀት ሁሉ ተወሰደባቸው። ከአሥር ሰዓት ያህል ጕዞ በኋላ ያዩት የትሪፖሊን ወደብ ነበር። አንወርድም ብለው ቢለምኑም ተገደው ወረዱ። ስምህ ማን ነው፥ ከምን ሸሸህ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። ከእነዚህ ውስጥ 24ቱ፥ ማለት 11 ሶማሌዎችና 13 ኤርትራውያን፥ በነገረ ፈጅ አማካይነት ኢጣልያን ከሰሱ። የጎረቤቶቻችን ልጆች ናቸው፤ በዚያው መንገድ የእኛም ልጆች ይሄዱበታል።

የኢጣልያ መንግሥት መልስ ቀላል አልነበረም። ነገሩ የተፈጸመው በኢጣልያ ምድር አይደለም፤ እኛ ከባሕር ሰው አዳንን እንጂ ሰው አላሰርንም የሚል ነበር። የፍርድ ቤቱ ታላቁ ችሎት ግን በፌብሩዋሪ 23 ቀን 2012 በሙሉ ድምፅ ፈረደባት። መርከብ በየትኛውም ባሕር ላይ ቢሆን ሰንደቅ ዓላማውን የሚያውለበልብለት አገር ሕግ አብሮት ይሄዳልና፥ ወደዚያ መርከብ የወጣ ሰው በኢጣልያ እጅ ነው። በእጅዋ ያለውን ሰው ደግሞ አንድ በአንድ ሳትጠይቅ፥ ለሥቃይ ወደሚጋለጥበት ቦታ በጅምላ ልትመልሰው አይገባም። ለእያንዳንዳቸው 15 ሺህ ዩሮ ካሣ ተቈረጠላቸው። ከከሳሾቹ ሁለቱ ግን ፍርዱን ሳይሰሙ ሞተዋል።

ይህን ፍርድ ስናነብ ከአባሎቻችን አንዷ አያትዋ የነገሯትን አስታወሰችን። ቀድሞ በአገራችን ደም ያለበት ሰው እንኳ ሸሽቶ እንደ አክሱም ካለ ታላቅ ደብር ቅጥር ከገባ፥ ያሳደደው ሁሉ ከውጭ ይቆም ነበር። የተቃራኒው ወገን ተከራካሪ ወዲያው ተነሥቶ፥ «እንግዲያውስ ብልህ አሳዳጅ ከቅጥሩ በፊት መንገድ ላይ ይጠብቀዋል» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ኋላ ግን የነገሩ ፍሬ ይኸው ሆኖ አገኘነው።

ምክንያቱም መንግሥታቱ ከ2012ቱ ፍርድ የተማሩት፥ ስደተኛውን መመለስ አይቻልም የሚለውን ሳይሆን፥ በእጃችን አይግባ የሚለውን ነው። በ2017 ኢጣልያ ከሊቢያ ጋር ተዋውላ የሊቢያን የባሕር ጠባቂዎች መርዳት ጀመረች። በዚያው ዓመት በኖቬምበር 6 አንድ የጎማ ጀልባ በባሕር ላይ ሲሰጥም የጭንቅ ጥሪው በሮማ የሚገኘው ማዕከል ደረሰ፤ ማዕከሉም በአቅራቢያው ላሉ መርከቦች አስተላለፈ። ከደረሱት መርከቦች አንዱ የሊቢያ ነበር። ሰዎች ሰጠሙ፤ ሌሎችም ወደ ሊቢያ ተመለሱ። የተረፉት ኢጣልያን ከሰሱ። ነገሩ ብዙ ዓመት ቆይቶ በጁን 2025 ፍርድ ቤቱ፥ መርከቡም መርከበኞቹም በኢጣልያ ሥልጣን ሥር አልነበሩም ብሎ አቤቱታውን ሳይቀበል ቀረ። በየብስ ላይም እንዲሁ አጥር አለ። በ2014 በሜሊያ የእስፓኝን አጥር ዘለው ገብተው ወዲያው ወደ ሞሮኮ የተመለሱ የማሊና የአይቮሪ ኮስት ተወላጆች፥ በ2017 ረትተው በ2020 በታላቁ ችሎት ተረትተዋል። በሕጋዊው በር መግባት ሲችሉ በብዛትና በጕልበት ገቡ ተብሎ ነው። በሩ በእርግጥ ክፍት ነበረ ወይስ አልነበረም በሚለው ላይ እኛ አንድ ዓርብ ሙሉ ፈጅተናል።

በሦስተኛው ዓርብ ያ የተመለሰው ወንድማችን መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። እርሱም በሊቢያ ጀልባ ከባሕር ተይዞ የተመለሰ ነው። ስለ እስር ቤቱ እንዲነግረን አልጠየቅነውም፤ እርሱም አልተናገረም። ስለ መርከብና ስለ ሰንደቅ ዓላማ ስንከራከር ግን እጁን አወጣና፥ «በሌሊት ባንዲራው አይታይም፤ መብራት ብቻ ነው የሚታየው። እኛ መብራቱን አይተን ተደሰትን» አለ። ከዚያ ወዲያ ለጥቂት ጊዜ የተናገረ አልነበረም።

ለሌላው ወገን ያለ አድልዎ እንናገር። የቤቱን በር ማን እንደሚገባበት መወሰን የባለቤቱ ነው የሚለው ቃል በእኛም አገር የታወቀ እውነት ነው። በሜይ 2025 የኢጣልያና የዴንማርክ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ከሌሎች ሰባት መንግሥታት መሪዎች ጋር በጻፉት ደብዳቤ፥ ፍርድ ቤቱ ውሉን ከሚገባው በላይ አስፍቶ በመተርጐሙ ወንጀል የፈጸሙ የውጭ አገር ሰዎችን ለማስወጣት ተቸግረናል ሲሉ አቤቱታ አሰምተዋል። የአውሮፓ ምክር ቤት ዋና ጸሐፊ አላን ቤርሴ በበኩላቸው ፍርድ ቤቱ የፖለቲካ መሣሪያ መሆን የለበትም ብለው መለሱ። በዲሴምበር 2025 ደግሞ 27 መንግሥታት የራሳቸውን የጋራ መግለጫ አወጡ። «ዳኞቹን ማን መረጣቸው?» የሚለው ጥያቄም በእኛ አዳራሽ ተነሥቶ ነበር። ተመርጠዋል፤ ከየአገሩ አንድ አንድ ዳኛ፥ የየአገሩ ፓርላማ አባሎች በሚሰበሰቡበት ጉባኤ ለዘጠኝ ዓመት ይመረጣል፤ ሁለተኛ አይመረጥም። ይህን ሳያጣራ የጠየቀው ተከራካሪ የእኛው ወገን ስለ ነበር አፍረናል።

እኛ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች የያዝነው ሐሳብ እንዲህ ነው። በር የመዝጋት መብትና ሰውን ለአሳሪው አሳልፎ የመስጠት መብት አንድ አይደሉም። ሕጉም ሰው በማን እጅ እንዳለ ሲጠይቅ፥ ያንን እጅ በገንዘብና በጀልባ የሚያንቀሳቅሰው ማን እንደ ሆነ አብሮ መጠየቅ አለበት። በ2025ቱ ውሳኔ ይህ አልተመለሰልንም። ደግሞም እዚሁ በከተማችን፥ በአዲስ አበባ፥ በሴፕቴምበር 1969 የተፈረመው የአፍሪቃ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ውል፥ ለሕይወቱ ወደሚያሠጋው አገር እንዲመለስ የሚያስገድደው ከሆነ ሰውን ከድንበር ላይ መመለስን እንኳ በግልጽ ይከለክላል። የአውሮፓው ውል ይህን ቃል አልጻፈም። ከማኅበራችን አባሎች ብዙዎቹ ይህን ውል በስም እንኳ አያውቁትም ነበር፤ እኛም የሰማነው በዚህ ክርክር ምክንያት ነው።

በሦስተኛው ዓርብ ማታ ድምፅ ሲሰጥ 34 ተማሪዎች ከፍርድ ቤቱ ጋር፥ 29ኙ ከመንግሥታቱ ጋር ሆኑ። ወንድማችን ድምፅ አልሰጠም። የሁለቱም ወገን ጽሑፍ በቤተ መጻሕፍቱ ከታሪክ መጻሕፍት መደርደሪያ አጠገብ ተቀምጧል፤ ወላጆችም ቢሆኑ የቤተ መጻሕፍቱን ኀላፊ ጠይቀው ሊያነቡት ይችላሉ።