ባድ ፓወል በአውሮፓ ስላስቀረጻቸው ሸክላዎች
(አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ በትምህርት ቤታችን የበዓል ዋዜማ ያደረገው ንግግር)



በዛሬው ምሽት ስለ አንድ የፒያኖ ተጫዋች ጥቂት እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ እጅግ ደስ ይለኛል። ሰውዬው ባድ ፓወል ይባላል። አሜሪካዊ ነው፤ እኔ የምናገረው ግን ከ1959 እስከ 1964 በአውሮፓ ሲኖር ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ በሸክላ ስላስቀረጸው የጃዝ ሙዚቃ ነው። የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አስቀድሜ ይህን ርእስ ለምን እንደ መረጥሁ ልግለጽ። ባለፈው ዓመት በታይፎይድ ታምሜ ሁለት ወር ያህል ከትምህርት ቀርቼ ነበር። ስመለስ በክፍል የነበረኝን ደረጃ አጣሁ። ከዚያ ይልቅ ያሳዘነኝ ግን በአዳራሹ ፒያኖ ፊት ስቀመጥ ጣቶቼ እንደ ዱሮው አልታዘዝ ማለታቸው ነው። ስለዚህ ፒያኖውን ከድኜ ተውሁት። በዚያን ሰሞን ታላቅ ወንድሜ ጠራኝና፣ «ይህ ሰው ከታመመ በኋላ የተጫወተው ነው፤ እስቲ ስማው» አለኝ።

ባድ ፓወል በ1924 በኒው ዮርክ ከተማ፣ ሐርለም በሚባለው የጥቁሮች ሠፈር ተወለደ። አባቱም ፒያኖ ተጫዋች ነበሩ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የአውሮፓን ጥንታዊ ሙዚቃ ተማረ፤ ገና በወጣትነቱም ቢባፕ የተባለውን ፈጣን የጃዝ ስልት በፒያኖ ካቋቋሙት ሰዎች ዋነኛው ሆነ። ነገር ግን በ1945 በፊላዴልፊያ ፖሊሶች ራሱን ክፉኛ ደበደቡት። ከዚያ ወዲህ የአእምሮ ሕሙማን በሚታከሙባቸው ሆስፒታሎች ተመላልሶ ተኛ። በ1947 በገባበት ሆስፒታል ዐሥራ አንድ ወር ያህል ቆየ፤ በኤሌክትሪክ ንዝረትም አከሙት። ይህ ሁሉ ደርሶበት እንኳ በ1949 እና በ1951 ያስቀረጻቸው ሸክላዎች እስከ ዛሬ ለፒያኖ ተጫዋቾች መማሪያ ናቸው።

በ1959 ወደ ፓሪስ ሄደ። በዚያም ከእርሱ ቀደም ብሎ በ1956 ፓሪስ የገባውን አሜሪካዊውን የድራም መቺ ኬኒ ክላርክን፣ እንዲሁም ፈረንሳዊውን የባስ ተጫዋች ፒየር ሚሽሎን ጓደኞች አደረገ። ሦስቱም «ሦስቱ አለቆች» በሚል ስም ይጫወቱ ነበር።

እንዲህ ባለ ትንሽ ጓድ ውስጥ መደበቂያ የለም። ባሱ እንደ መንገደኛ እርምጃ እኩል እየረገጠ የዜማውን መሠረት ያሳያል። ድራም መቺው ከናስ በተሠራው ሳሕን ላይ ጊዜውን ይጠብቃል፤ ይህን ልማድ በጃዝ ካስፋፉት ሰዎች ቀዳሚው ራሱ ኬኒ ክላርክ ነው። ፒያኖ ተጫዋቹ በቀኝ እጁ አዲስ ዜማ ሲፈጥር በግራው አጫጭር ድምፆች ጣል ያደርጋል። አንዱ ቢሳሳት ሁሉም ይሰማል፤ ነገር ግን አንዱ ቢደክም ሁለቱ ይዘውት ይሄዳሉ።

በታኅሣሥ 17 ቀን 1961 ሦስቱ በፓሪስ አንድ ሸክላ አስቀረጹ። ባድ ፓወል በዚህ ሸክላ በወጣትነቱ ያበረታታውን የፒያኖ ተጫዋች የቴሎንየስ መንክን አራት ድርሰቶች ተጫውቷል። በሚያዝያ 1962 ደግሞ በኮፐንሃገን ሌላ ሸክላ ሲያስቀርጽ ባሱን የያዘው ኒልስ ሄኒንግ ኧርስተድ ፔደርሰን የተባለ ዴንማርካዊ ልጅ ነበር። ዕድሜው ስንት ይመስላችኋል? ዐሥራ አምስት! ከእኔ በሦስት ዓመት ያንሳል። ያ ልጅ በኋላ በዓለም የታወቀ የባስ ተጫዋች ሆነ። በግንቦት 1963 ሳክስፎን ተጫዋቹ ዴክስተር ጎርደን በፓሪስ ሸክላ ሲያስቀርጽ ፒያኖውን የተጫወተው ባድ ፓወል ነበር፤ በዚህም ጊዜ ክላርክና ሚሽሎ አብረውት ነበሩ።

አንዳንድ ዐዋቂዎች እነዚህ የአውሮፓ ሸክላዎች የ1949ኙን አያህሉም ይላሉ። ይህን አልክድም። ጣቶቹ የሚሰናከሉበት ቦታ አለ፤ የቀድሞው ፍጥነትም ሁልጊዜ አይገኝም። እኔ ግን ደጋግሜ ሳዳምጥ ሌላ ነገር ሰማሁ። ረጋ ባሉት ዜማዎች ላይ እያንዳንዱን ድምፅ ክብደቱን መዝኖ እንደሚያስቀምጥ፣ በመካከሉም ያለውን ዝምታ እንደማይፈራ አስተዋልሁ። እርሱ ዝም ሲል ባሱ እርምጃውን አያቋርጥም፤ ናሱም አይቆምም። እርሱም ተመልሶ ሲገባ መንገዱን እንደ ተጠበቀለት ያገኘዋል።

ይህን ስል መከራ ጥሩ ሙዚቃ ያስገኛል ማለቴ አይደለም። የደበደቡት ሰዎች ወሰዱበት እንጂ ምንም አልሰጡትም። ከተወሰደበት ጥቂቱን መልሶ እንዲያገኝ የረዱት አጠገቡ ሆነው ጊዜውን የጠበቁለት ናቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው የአባቶቻችን ተረት በእነዚህ ሦስት ሰዎች ላይ ተፈጽሟል።

መጨረሻው ግን የደስታ አልነበረም። በ1963 የሳንባ ነቀርሳ ያዘው፤ በ1964 ወደ ኒው ዮርክ ተመለሰ፤ በሐምሌ 31 ቀን 1966 በ41 ዓመቱ ሞተ። ሸክላዎቹ ግን ቀርተዋል።

ጓደኞቼ ሆይ፤ እኛ በየዓመቱ አንደኛ የወጣውን እናጨበጭብለታለን፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን አምና አንደኛ ወጥቶ ዘንድሮ ዐሥራ አራተኛ የሆነውን ምን እናደርገዋለን? «ዱሮ ጎበዝ ነበር» ብለን ማለፍ ይቀለናል። ሚሽሎና ክላርክ እንዲህ ብለው አላለፉም፤ ከጎኑ ሆነው ተጫወቱ።

እኔም የፒያኖውን ክዳን ከፍቻለሁ። የጠፋኝን ሁሉ ገና አላገኘሁም። ይሁን እንጂ ማታ ማታ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ከአጠገቤ ተቀምጦ ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ ጊዜውን ይጠብቅልኛል። ስሙን እንዳልጠራው ስለ ለመነኝ ሳልጠራው አመሰግነዋለሁ።