ስሙን ያላወቅነውን ዛፍ እንዴት እንለየው?
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ፣ ጎንደር ፒያሳ የቀረበ ንግግር)



ችግኝ አፍልተን መሸጥ ከጀመርን ወዲህ ከየገጠሩ ዘርና ቅርንጫፍ ይመጣልናል። ከመጣው ውስጥ አንዱን ግን እስከ ዛሬ አልለየነውም። ከፊሎቻችን ጥቁር እንጨት ነው አልን፤ ከፊሎቻችን አይደለም አልን፤ ቅጠሉ ተቀቅሎ ለሆድ ሕመም ይጠጣል የሚልም ተሰማ። ምንነቱን ሳናውቅ ብንሸጠው የሰው ገንዘብ እንበላለን፤ ብናጠጣው ደግሞ ሰው እንጎዳለን።

እንዲህ ያለው ችግር የተማሩትንም አጋጥሟል። የራሳችንን ኮሶ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ዛፉን አይቶ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ከነሥዕሉ አወጣው፤ ለእንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ለጆሴፍ ባንክስ ክብርም «ባንክሲያ» አለው። ይህ ስም ግን ቀደም ሲል ለአውስትራሊያ ዕፅዋት ተሰጥቶ ስለነበር በ1791 ጀርመናዊው ግሜሊን «ሃጌኒያ» በሚል ተካው። ከሠላሳ ዓመት ያህል በኋላ ብራየር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ቁስጥንጥንያ ያገኘውን የደረቀ የኮሶ አበባ ፓሪስ አደረሰ። ኩንት የተባለው ሊቅ አበባውን መርምሮ የጽጌረዳ ወገን መሆኑን በትክክል ለየ። ዛፉን ቆሞ አላየውምና ግን አዲስ ተክል መስሎት «ብራየራ» ብሎ ሰየመው። አንድ ዛፍ ሦስት ስም ወጣለት ማለት ነው። የመድኃኒት መጻሕፍትም ለረጅም ጊዜ በዚህ በሦስተኛው ስም ጽፈውታል። ዛሬ የጸናው «ሃጌኒያ አቢሲኒካ» የሚለው ነው።

የደጋ እናቶቻችን ግን ኮሶን ከነዛፉ ያውቁታል፤ አበባውን አይተው ሴቴውን ከወንዴው ይለያሉ። እኛም ናሙና ስንሰበስብ ይህን የእናቶችን ዕውቀት አብረን ካልያዝን፣ የደረቀ ቅጠል ብቻውን ብዙ አይነግረንም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንድናደርግ እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ቅጠል ብቻ አንልቀም። ቅጠሉ እንዴት እንደተደረደረ የሚያሳይ ቀንበጥ፣ ከአበባው ወይም ከፍሬው ጋር ይሁን። የሐበሻ ጥድና የፈረንጅ ጥድ ከሩቅ ይመሳሰላሉ፤ ፍሬያቸው ግን ይለያቸዋል። የሐበሻው ፍሬ ትንሽና ሥጋማ ነው፤ የፈረንጁ ጠንካራ እንጨት መሳይ ሆኖ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እንደ ኮሶ ሴቴና ወንዴው በየዛፉ ለተለየ ደግሞ ከሁለቱም እንውሰድ።

ሁለተኛ፣ ቀንበጡን በአሮጌ ጋዜጣ መካከል ዘርግተን ከባድ ነገር እንጫንበት፤ እስኪደርቅ ድረስ ጋዜጣውን በየቀኑ እንቀይር። እርጥብ ሆኖ ላስቲክ ውስጥ ከታሰረ ይሻግታል።

ሦስተኛ፣ ሲደርቅ የሚጠፋውን በወረቀት እንጻፍ፦ የአበባውን ቀለም፣ ሽታውን፣ ሲቆረጥ ወተት ማፍሰስ አለማፍሰሱን፣ የቅርፊቱን መልክ፣ የዛፉን ቁመት፣ ቀኑን፣ ቀበሌውን፣ ደጋ ወይም ወይና ደጋ መሆኑን። የአገሬው ሰው የሚጠራበትን ስም እንደሰማነው እናስፍር፤ ሁለት ስም ካለው ሁለቱንም።

አራተኛ፣ ከአንዱ ዛፍ ሁለት ናሙና ወስደን አንድ ቁጥር እንስጣቸው። አንዱ እኛ ዘንድ ይቀመጥ፤ ሌላው ለባለሙያ ይላክ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቅርባችን ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ብሔራዊ ሄርባሪየም አለው። እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረውና በ2009 በስምንት ቅጽ የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ የተዘጋጀው ከየአገሩ በተሰበሰቡ እንዲህ ባሉ ናሙናዎች ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ስንወስድ አስፈቅደን ይሁን፤ ቅርፊት አንላጥ፤ ዛፉንም አናራቁተው።

ያልታወቀው ዛፍ ስሙ ተረጋግጦ እስኪመጣ ችግኙ አይሸጥም፤ ቅጠሉም ለማንም አይጠጣም። ወደ አገር ቤት የምትሄዱ እህቶች፣ ሲያብብ ቀንበጡን ይዛችሁ ኑ። እናቶቻችንም የምታውቁትን የዛፍ ስም ንገሩን፤ በመዝገብ እናሰፍረዋለን።