ከአስኮ አንዲት ክፍል የወጣ ድምፅ
(በተማሪዎች ማኅበር የምሽት ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይላል ያገራችን ሰው። እኛም የጊታር አምፕሊፋየር በገዛ እጃችን እንሠራለን ብለን በተነሣን ጊዜ የደረሰብን ይኸው ነው። ማኅበሩ ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት እንድንናገር ስለ ጋበዘን ከልብ እናመሰግናለን። የምንናገረውም በሥራችን ለመኩራራት ሳይሆን፣ የሳትነውን ጭምር ገልጠን ከእኛ በኋላ የሚመጣው በዚያው ጉድጓድ እንዳይወድቅ ለማስጠንቀቅ ነው።

እኛ አራት ጓደኛሞች ነን። ያለን አንድ ኤሌትሪክ ጊታር ነው። የምንኖረው አስኮ፣ ወደ ቡራዩ በሚያወጣው መንገድ አጠገብ፣ ከአንድ አናጢ ሱቅ ጀርባ በተከራየናት አንዲት ክፍል ነው። ኤሌትሪክ ጊታር ያለ ማጉያ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ተጫዋቹ ራሱ ጎንበስ ብሎ ካላዳመጠው በቀር አይሰማም። አምፕሊፋየር ለመግዛት ሱቅ ገባን፤ ዋጋውን ጠየቅን፤ ዝም ብለንም ወጣን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አልፏልና፣ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ ከተማሪ ኪስ ይበልጥ ርቋል።

እንግዲህ «እንሥራው» ስንል ከኛ በፊት ሌሎች እንደ ሠሩት እናውቅ ነበር። አሜሪካዊው ሊዮ ፌንደር ሥራውን የጀመረው ሬዲዮ በመጠገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በለንደን ጂም ማርሻል የተባለው የከበሮ መምህርና ባለ ሱቅ ከጥገና ሠራተኛው ከኬን ብራን ጋር ሆኖ የመጀመሪያውን የማርሻል አምፕሊፋየር ያሠራው የፌንደርን «ቤዝማን» ሰርኪዩት ተከትሎ ነው። የኩዊን ባንድ ቤዝ ተጫዋች ጆን ዲከን ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከቆሻሻ መጣያ ያነሣውን የወረዳ ሰሌዳ በትንሽ የስፒከር ሳጥን ውስጥ ገጥሞ በ9 ቮልት ባትሪ አንቀሳቀሰው፤ ያችም ሳጥን በባንዱ ቅጂዎች ላይ ተሰማች።

ባገራችንም «መሣሪያው የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከንቱ ጥያቄ አልነበረም። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ የአዲስ አበባ ባንዶች የሚጫወቱበት መሣሪያ የክለቡ ባለቤት ንብረት ነበር። የዋልያስ ባንድ አባሎች በራሳቸው መሣሪያ ለመጫወት መጣራቸው ከዚህ የተነሣ ነው። መሣሪያው የሌላ ሰው የሆነ ሙዚቀኛ የት፣ መቼና ለማን እንደሚጫወት ራሱ አይወስንምና።

አሁን ወደ ስሕተታችን እንምጣ።

የመጀመሪያው ስሕተታችን በዋት ብዛት መታለላችን ነው። «100 ዋት ካልሆነ አንነካም» አልን። ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ሁለት የመኪና ስፒከሮች ገዝተን መጣን። ድምፁ ግን ከጎረቤት ቴሌቪዥን አልበለጠም። መጽሐፋችንን የገለጥነው ከዚያ በኋላ ነበር፤ መቅደም ሲገባው። ከ10 ዋት ወደ 20 ዋት መውጣት የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሯችን «ድምፁ እጥፍ ሆነ» እንዲል ግን 10 ዴሲቤል ያህል ይፈልጋል፤ ይህም የኃይል 10 እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 97 ዴሲቤል የሚያወጣ ስፒከር በ10 ዋት የሚሰጠውን ድምፅ፣ 87 ዴሲቤል የሚያወጣው ለመስጠት 100 ዋት ይበላል። ገንዘባችንን በዋት ላይ ከማፍሰስ ይልቅ አንድ ያገለገለ፣ ነገር ግን ጥሩ ባለ 12 ኢንች ስፒከር ገዛን። ማጉያውንም ኤል ኤም 1875 በምትባል አንዲት ቺፕ ሠራነው። በሁለት ወገን 18 ቮልት የሚሰጥ ትራንስፎርመር ሲቀና ወደ 25 ቮልት ገደማ ይወጣዋል፤ ቺፒቱም በዚህ 20 ዋት ያህል ትሰጣለች። ለክፍላችን ተርፎ ለዚህ አዳራሽ የሚበቃ ሆነ።

በዚህም ላይ ሁለት ትንንሽ ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ጊታሩን በቀጥታ ከዝቅተኛ መግቢያ ጋር ስናገናኘው ድምፁ ጉንፋን እንደ ያዘው ሰው ታፈነ፤ የጊታር ማግኔት 1 ሚሊዮን ኦም ያህል መግቢያ ካላገኘ ቀጭኑን ድምፅ ያጣልና፣ በፊት ለፊት አንድ አነስተኛ ማጉያ ጨመርንበት። ሁለተኛ፣ ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለ ሆነች አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ሙቀትንም ያነሰ ይወስዳል። በውጭ አገር ሥዕል ላይ የተጻፈውን የማቀዝቀዣ አሉሚኒየም መጠን እንዳለ የገለበጠ ሰው ቺፑን ሊያቃጥል ይችላል። እኛ አንድ አቃጥለን ተማርን።

ሁለተኛው ስሕተታችን ሳጥኑን መናቃችን ነው። «ሳጥን ምን አለው፤ ጣውላ ነው» ብለን ከቺፕውድ ቁራጭ በምስማር አጋጠምነው። አንዲቱን ኖታ በመታን ቁጥር ሳጥኑ ይንጫጫል። ሁለት ቀን ሙሉ ሰርኪዩቱን ስንፈትሽ ሰነበትን። በሦስተኛው ቀን አናጢው ጋሼ ገብተው በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉትና እንዲህ አሉን፦

«ልጆች፣ የበገና ሳጥን የሚሠራው አብሮ እንዲዘምር ነው። የናንተ ሳጥን እንዲዘምር ነው ወይስ ዝም እንዲል የምትፈልጉት?»

እኛ የኤሌትሪክ ተማሪዎች ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረንም። ችግሩ ያለው ኮላ ባልነካው የጀርባ ጣውላ ላይ ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስፒከር አየሩን ወደ ፊት ሲገፋ በስተኋላው ይስባል። የፊቱና የኋላው ሞገድ ያለ ሳጥን ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል፤ ይልቁንም ወፍራሙን ድምፅ። የጊታር ወፍራም ክር በሴኮንድ 82 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የሞገዱም ርዝመት ከ4 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ሳጥኑ ጌጥ አይደለም፤ የመሣሪያው ግማሽ አካል ነው። ከጋሼ ጋር ሆነን 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ኮምፔርሳቶ፣ በኮላና በብሎን አጥብቀን፣ በውስጡ ማገር አስገብተን፣ ጀርባውን በከፊል ክፍት አድርገን እንደ ገና ሠራነው። ለጥያቄያቸውም መልስ ያገኘን ያን ጊዜ ነው፤ ጊታሩ ይዘምር፣ ሳጥኑ ዝም ይበል።

ሦስተኛው ስሕተታችን ሳቅ የለበትም።

የተከራየናት ክፍል ሶኬት ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነበረው፤ የመሬት ሽቦ የለውም። የጊታር ክሮች ከአምፕሊፋየሩ ብረት ጋር የተያያዙ መሆናቸውን እያወቅን ቸል አልን። በአንድ ምሽት በሳጥኑ ውስጥ ልባሱ የተላጠ ሽቦ ብረቱን ነካ፤ ያም የእኛው የእጅ ሥራ ነው። ማይክሮፎኑ ደግሞ ከአናጢው ሱቅ፣ የመሬት ሽቦ ካለው መስመር በተሳበ ሌላ መሣሪያ ላይ ተሰክቶ ነበር። ጓደኛችን እጁ ክሩ ላይ እንዳለ ከንፈሩ ማይክሮፎኑን ሲነካ 220 ቮልት በሰውነቱ አለፈ። ወደ ኋላ ወደቀ፤ ወድቆም ክሩ ከእጁ በማምለጡ ተረፈ። እ.ኤ.አ. በ1972 ሌስ ሃርቪ የተባለው ስኮትላንዳዊ ጊታር ተጫዋች በስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ የመሬት ሽቦ ያልተገናኘለት ማይክሮፎን ነክቶ ሞቷል። የኛ ጓደኛ ግን ዛሬ በመካከላችሁ ተቀምጦ ይሰማናል።

የመሬት ሽቦ ቢኖር ኖሮ ኤሌትሪኩ በዚያው ወደ መሬት ወርዶ ፊውዙን ይቆርጥ ነበር። በማግስቱ አከራያችንን «እትዬ፣ ኤሌትሪክ ሠራተኛ እናስገባ?» ብንላቸው፣ «መብራቴን ልታጠፉብኝ ነው?» አሉን። የሆነውን ስንነግራቸው ግን ወጪውን ራሳቸው ከኪራዩ ቀነሱልን። አሁን ባለሙያ የተከለው የመሬት ብረት አለን፤ ሦስት እግር ያለውን ስፒናም ማንም ሦስተኛውን እግር አይቆርጥም።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፣ ከዚህ ሁሉ የተማርነው አንድ ነገር ነው። ስንጀምር የቆጠርነው ዋትን ብቻ ነበር። ድምፅ የሰጠን ግን የስፒከሩ ጥራት፣ የሳጥኑ ጥብቀት ነው፤ ወንድማችንን ሊያሳጣን የነበረውም የአንዲት ሽቦ ጉድለት ነው። እነዚህን ማንም ከፍ አድርጎ አይጠራቸውም።

ስለዚህ ማኅበራችንን ሁለት ነገር እንለምናለን። የመጀመሪያው፣ ከማንኛውም የሙዚቃ ምሽት በፊት የአዳራሹ ሶኬቶች የመሬት ሽቦ በባለሙያ እንዲመረመር ነው። ሁለተኛው፣ በሳምንት አንድ ምሽት መምህራኖቻችን ፈቅደው አንድ የመሥሪያ ጠረጴዛ በቤተ ሙከራ እንዲከፈትልን ነው። በየተከራየነው ክፍል ተደብቀን በየራሳችን ከምንሳሳት፣ አዋቂ ባለበት አብረን ብንሳሳት ይሻላል። አናጢው ጋሼም ቢጠሩ እንደሚመጡ ቃል ገብተውልናል።

አምፕሊፋየሩ እዚሁ መድረክ አጠገብ ነው። ስብሰባው ሲያበቃ ኑና ተመልከቱት፤ ጀርባውን ግን ስፒናውን ሳንነቅል አትንኩት።